የ14 ጫማ አሉሚኒየም ጀልባ ላይ የፊት ዴክ፦ ከጓሮ የተረፈኝን እንጨት ልጠቀም?

ፖቶማክ_ዳር (ዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ቤቶች። ምክር ፈልጌ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

ባለፈው መስከረም ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ጀልባቸውን ሸጡልኝ። 14 ጫማ ርዝመት ያለው፣ ታቹ ዝርግ የሆነ አሉሚኒየም ጀልባ ነው። እዚህ ጆን ቦት የሚሉት። ወለሉ 36 ኢንች ይሰፋል። ሦስት አግዳሚ መቀመጫ አለው፦ ፊት፣ መሃልና ኋላ። ባለ 9.9 ፈረስ ጉልበት ሞተርም አብሮ መጣ። ባለቤቴ «በዚህ ብር ዓሣ ከገበያ ብንገዛ ስንት ዓመት እንበላ ነበር?» ብላኛለች። አልመለስኩላትም።

ጀልባው ምንም አይወጣለትም። ችግሩ መቆም አለመቻሌ ነው። ሊሲልቫኒያ ፓርክ ካለው መውረጃ ተነስቼ ፖቶማክ ላይ ነው የማጠምደው። ሳር የበዛበት ጥግ ስደርስ ቆሜ ካላየሁ ዓሣው የት እንዳለ አይታየኝም። ስቆም ደግሞ ወለሉ ላይ የጀልባው የጎድን አጥንቶች አሉ፣ አንዱ እግሬ ከፍ አንዱ ዝቅ ይላል። ኦክቶበር ላይ እንደዚያ ቆሜ ሚዛኔን ሳትኩና በጉልበቴ ወደቅሁ። ጉልበቴ ተረፈ። የ80 ዶላር ዘንጌ ግን እዚያው ውሃ ውስጥ ቀረ።

ስለዚህ ከፊተኛው መቀመጫ እስከ አፍንጫው ድረስ ዴክ፣ ማለትም ሰው የሚቆምበት ዝርግ ወለል፣ ልሠራ ነው። አፍንጫው ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አስራለሁ። ከዴኩ ሥር መክደኛ ያለው ሳጥን ሠርቼ ባትሪውንም የቤንዚን ታንኩንም እደብቃለሁ።

እንጨቱ በነፃ አለኝ። የባለቤቴ ወንድም ባለፈው ሰመር የጓሮ ዴክ ሲሠራ የተረፈው ነው። ያው መድኃኒት የተነከረው፣ አረንጓዴ አረንጓዴ የሚለው። ስድስት ባለ 2 በ4 ኢንች እንጨትና አንድ ሙሉ ባለ 3/4 ኢንች ፕላይውድ። የማይበሰብስ ስለሆነ ለጀልባ ከዚህ የተሻለ አይገኝም ብዬ አሰብኩ።

ጥያቄዬ እንግዲህ፣ ይሄ እንጨት ይሆናል ወይ? ፊተኛውን መቀመጫ ቆርጬ ባወጣው ሳጥኑ ሰፊ ይሆንልኛል፣ ልቁረጠው? ውስጡ ነጭ ፎም ነው ያለው፣ ምንም አይሠራም። ደግሞስ ዴኩን እስከ ጀልባው ጠርዝ ከፍ ባደርገውስ?

አባቴ ለፋሲካ ከባህር ዳር ይመጣል። የዘጌ ልጅ ነው፣ ታንኳ ላይ ነው ያደገው። እሱ ሳይደርስ መጨረስ እፈልጋለሁ። በስልክ ስነግረው «ጀልባ ላይ ምን አቆመህ? አሞሃል?» ነው ያለኝ።


ዲሲ_ልጅ

ወንድም፣ ወንዙ ዳር ወንበር ዘርግተህ ተቀመጥ። ዴክ አለ፣ መሬት የሚባል።


አሮጌው_አጥማጅ (ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ)

የኔ ልጅ፣ ያንን እንጨት አሁኑኑ ለባለቤቱ መልስ። ጋራዥህ ውስጥም አይደር።

ይሄን የምልህ ጀልባ ስለበላብኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የ14 ጫማ ጀልባዬ ላይ ልክ አንተ የምትለውን ሠራሁ። መድኃኒት የተነከረ 2 በ4 ወለሉ ላይ አጋደምኩ። በላዩ ፕላይውድ፣ በፕላይውዱ ላይ ምንጣፍ። ሲያምር! ጓደኞቼ ሁሉ መጥተው ረገጡት። በሦስተኛው ጸደይ ሐይቅ ላይ ወጥቼ ካልሲዬ ረጠበ። የውሃ ማፍሰሻውን የላስቲክ ቡሽ ረስቼ ነው ብዬ ሄጄ ባየው ተዘግቷል። ቤት ወስጄ ዴኩን ስነቅለው ከእንጨቱ ሥር ነጭ ዱቄት አገኘሁ፣ ልክ እንደ ጨው። ዱቄቱን በብሩሽ ስጠርገው ታቹ ወንፊት ሆኗል። ጀልባውን ገልብጬ ከውስጥ በኩል ፀሐይ አየሁ። አሥራ አንድ ቀዳዳ ቆጥሬ ተውኩት።

ምክንያቱ መዳብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2004 መጀመሪያ ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን እንጨት በአርሴኒክ መነከሩ ቀርቶ መዳብ በበዛበት መድኃኒት ተተካ። መዳብና አሉሚኒየም እርጥበት ላይ ሲገናኙ ባትሪ ይሆናሉ። የሚበላው ሁልጊዜ አሉሚኒየሙ ነው። እንጨቱ አይበሰብስም ያልከው እውነት ነው። ጀልባው አልቆ እንጨቱ እንደ አዲስ ይቀርልሃል።

ተራውን፣ መድኃኒት የሌለውን ለውጭ ሥራ የሚሆን ፕላይውድ ግዛ። ሙጫው ውሃ የሚችል መሆኑን አረጋግጥ። 1/2 ኢንች ይበቃል። ከቆረጥከው በኋላ ፊቱንም ጀርባውንም በኤፖክሲ (ደርቆ ውሃ በማያስገባ ሙጫ) ቀባው። ከሁሉ በላይ ጠርዙን! ውሃ የሚገባው በጠርዝና በብሎን ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን ቀድመህ ብሳ፣ ኤፖክሲ አጠጣው፣ ከዚያ እሰረው።

አጥንቱን ከእንጨት አትሥራው። 1 ተኩል በ1 ተኩል ኢንች፣ 1/8 ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም አንግል (ኤል ቅርጽ ያለው ዘንግ) ገዝተህ ቁረጥ። አንዱ ወገን ፊተኛው መቀመጫ ላይ ይረፍ፣ ሌላው አፍንጫው ላይ ባለው ሦስት ማዕዘን ላይ። መሃሉን ደግፈው።

መቀመጫውን ግን እንዳትነካው። ለመቀመጫነት ብቻ የተሠራ ይመስልሃል? ሁለቱን ጎኖች ይዞ የሚያቆማቸው እሱ ነው። ቆርጠህ ብታወጣው ማዕበል ሲመታህ ጎኑ እንደ ቆርቆሮ መተንፈስ ይጀምራል፣ ሪቬቶቹም (ቆርቆሮውን የሚያያይዙት ሚስማሮች) አንድ በአንድ ይላላሉ። «ምንም አይሠራም» ያልከው ፎምም ጀልባው ውሃ ሲሞላ እንዳይሰምጥ የሚያደርገው ነው። ከ20 ጫማ በታች ለሆነ እንዲህ ያለ ጀልባ የፌዴራሉ ሕግ የሚያስገድደው ለጌጥ አይደለም።


ኮንትራክተሩ (ዳላስ)

ጋሼ ትንሽ አጋነኑት። እኔ መድኃኒት የተነከረ እንጨት አድርጌ ስድስት ዓመት ሄጄበታለሁ። ቀለም ቀብቼው ነበር። ምንም የሆነው ነገር የለም።


አሮጌው_አጥማጅ

ዴኩን ነቅለህ ሥሩን አይተሃል?


ኮንትራክተሩ

አላየሁም።


አሮጌው_አጥማጅ

እሺ።


ብየዳ_ቤት (ባህር ዳር)

ሰላም ወገኖች። እኔ ብረታ ብረት ቤት ነው የምሠራው። ጀልባም ይመጣልናል፣ የኛዎቹ ግን ላሜራ ናቸው። ፊቱ ላይ ወለል አድርግልን ሲሉን በአንግል ብረትና በቱቦላሬ አጥንት እንሠራለን፣ ላሜራ እናለብሳለን፣ እንበይዳለን፣ አንቲሩጂን (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀብተን እንሰጣለን። ብረት በብረት ስለሆነ ጣጣ የለውም። የሚበላው ዝገት ነው፣ እሱም ታይቶ ነው።

አሉሚኒየም ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ያለ ጓደኛህ «ማሽን አለኝ፣ ልበይድልህ» ቢልህ እንዳትሰጠው። አሉሚኒየሙ 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ላዩ ላይ ያለው ስስ ኦክሳይድ ግን 2000 ዲግሪ አልፎ ነው የሚቀልጠው። ልምድ የሌለው ሰው ላዩ እስኪቀልጥለት ሲጠብቅ ከሥር ያለው ሄዷል። የጀልባ አሉሚኒየም ደግሞ ቀጭን ነው። በሪቬት እሰረው።

ኮምፔርሳቶ ነው አይደል ፕላይውድ የምትሉት? እሱን ከአንግሉ ጋር በማይዝግ ቪቴ (ብሎን) እሰር። ተራ ቪቴ በአንድ ክረምት ዝጎ ኮምፔርሳቶውን ያቆሽሸዋል። ቪቴው አሉሚኒየም በሚነካበት ቦታም የሚለይ ቅባት አድርግ፣ አለዚያ ይጣበቅና ሌላ ጊዜ በካቻቢቴ አይፈታልህም። በትራፓኖ በስተህ ነው የምታወጣው።

ከፍታውን በተመለከተ እኔም እንደ አባትህ ነኝ። ሰው ከፍ ባለ ቁጥር ጀልባ ይሰክራል። ከመቀመጫው እኩል አድርገው፣ ከዚያ አንድ ጣት አትጨምር።

አባትህን ባህር ዳር ከሆኑ ሰላም በልልኝ። ዘጌ ዘመዶች አሉኝ።


ፖቶማክ_ዳር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንጨቱን ትናንት መለስኩለት። «ምነው፣ ንቀኸው ነው?» አለኝ። የጀልባዎን ታሪክ በስልኬ አስነበብኩት።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አስጨነቀኝ። ጀልባው ኋላ ላይ ትንሽ ሰሌዳ አለችው፣ «ሰው፣ ሞተርና ዕቃ በጠቅላላ 560 ፓውንድ» ትላለች። እስከ ዛሬ አንብቤያት አላውቅም። ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ሞተሩ 85። ስድስት ጋሎን ቤንዚን ከነታንኩ ወደ 40። የኤሌክትሪክ ሞተሩ 30። ባትሪው፣ ያ ትልቁ የሊድ፣ 60። ሰው ሳይገባ 215 ደረሰ። እኔ 170 ነኝ፣ አባቴ 160 ቢሆን ነው። ድምሩ 545! የቀረኝ 15 ፓውንድ ነው። ዴኩ ገና አልተሠራም፣ ምሳም አልተያዘም።

ያ የጓሮ እንጨት ቢሆን ኖሮ እርጥብ ስለነበር ወደ 90 ፓውንድ ይመጣ ነበር። በእርስዎ አሠራር ግን 14 ስኩዌር ጫማ ባለ 1/2 ኢንች ፕላይውድ ወደ 20፣ 20 ጫማ አንግል ደግሞ 8 ተኩል ገደማ። ኤፖክሲና ምንጣፍ ጨምሬ 30 ብዬ ያዝኩት። ያም ሆኖ አልፏል። ምን ልቀንስ? አባቴን መቀነስ አልችልም።


ሳርዬ_ሽቦ (ሲያትል)

ባትሪውን ቀንሳ! 100 አምፒር ሰዓት ያለው የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከ25 እስከ 30 ፓውንድ ነው የሚመዝነው። እዚህ ብቻ 30 ፓውንድ አገኘህ፣ ዴክህ በነፃ ገባ ማለት ነው። ውድ ነው፣ አልዋሽህም። ግን ከሊዱ በላይ ብዙ ዓመት ይሄድልሃል። ቤንዚኑንም ግማሽ ሙላ። ለግማሽ ቀን ዓሣ ስድስት ጋሎን ምን ያደርግልሃል?

ሥራዬ የጀልባ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ሁለት ነገር ልጨምር።

ባትሪውን ፊት ዴኩ ሥር አታስቀምጠው። አንተ ፊት ቆመህ፣ የኤሌክትሪክ ሞተሩ አፍንጫው ላይ ሆኖ፣ ባትሪው ከሥርህ ከተጨመረ አፍንጫው ይቀበራል። ከመሃለኛው መቀመጫ ኋላ አድርገውና ሽቦ ወደፊት ሳብ። ባለ 55 ፓውንድ ግፊት ሞተር ሙሉ ሲሠራ ወደ 50 አምፒር ይስባል፣ ስለዚህ ወፍራም ሽቦ ነው የምትፈልገው፣ ባለ 6 ቁጥር። ባትሪው አጠገብ፣ በ7 ኢንች ርቀት ውስጥ፣ ባለ 60 አምፒር ብሬከር (ኤሌክትሪኩ ሲበዛ የሚያቋርጥ) አድርግ። የአሉሚኒየም ጀልባ ላይ ሽቦ ተልጦ ጎኑን ከነካ ሙሉ ጀልባው ሽቦ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ በአንግሉ ላይ በሚያልፍበት ሁሉ ላስቲክ አልብሰው።

የቤንዚን ታንኩን ደግሞ ዝግ ሳጥን ውስጥ እደብቃለሁ ያልከውን ሳነብ ቡናዬ ትን አለኝ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ታች ይተኛል። ከዚያ ጋ ብልጭታ የሚሰጥ ነገር አስቀምጠህ ልትከድነው ነው? ታንኩ ኋላ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰው እያየው ይቀመጥ። ከዴኩ ሥር የሕይወት ጃኬትና ገመድ አድርግ። ፎም ልጨምር ካልክም ቤንዚን እንዳይነካው ጠብቅ፤ ያ ነጩ ፎም በቤንዚን እንደ ስኳር ይሟሟል።

ፖቶማክ ደግሞ የሜሪላንድ ውሃ መሆኑን አትርሳ። ከኖቬምበር 15 እስከ ሜይ 15 ከ21 ጫማ ያነሰ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ጃኬቱን መልበስ አለበት፣ መያዝ ብቻ አይበቃም። አባትህን ቀድመህ አሳምናቸው።


ፖቶማክ_ዳር

እህቴ፣ ተባረኪ። ሊቲየሙን አዘዝኩ። ዋጋውን ለባለቤቴ አልተናገርኩም፣ እባካችሁ ይሄን መድረክ የሚያነብ ዘመድ ካላት ዝም በሉ።


ፖቶማክ_ዳር (ከሳምንታት በኋላ)

ዴኩ አለቀ። ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅም እንደሆነ የሆነውን ልጻፍ።

ከካርቶን ነው የጀመርኩት። የቴሌቪዥን ካርቶን ቀድጄ የአፍንጫውን ቅርጽ እስኪገጥም ስድስት ጊዜ ቆረጥኩት። ግራና ቀኙ እኩል አይደለም! አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ይለያያል። በአንዱ ወገን ለክቼ ገልብጬ ቢሆን ኖሮ ፕላይውዱን አበላሽቼው ነበር። አንግሎቹን በተራ የእንጨት መጋዝ ቆረጥኳቸው፣ ደቃቅ ጥርስ ያለው ምላጭ አድርጌ። ጋሼ እንዳሉት መቀመጫውን አልነካሁም፣ ዴኩ ከሱ እኩል ነው። ጠርዙ ከዴኩ በላይ 6 ኢንች ቀርቶታል፣ ስቆም ቁርጭምጭሚቴን ያቅፈኛል። የማይታመን ነገር ነው፣ ያቺ 6 ኢንች ልብ ታረጋጋለች።

ኤፖክሲው ጋራዥ ውስጥ አልደርቅ አለኝ። ፌብሩዋሪ ነበር፣ ብርድ። የሕፃን ልጅ መኝታ ክፍል ማሞቂያ ሰርቄ አደረቅሁት። ይሄም አልተነገረም።

ስህተቴ ሪቬቱ ላይ ነው። የጎን አንግሎቹን ለማሰር ጎኑን መብሳት ነበረብኝ፣ 3/16 ኢንች። «ከውሃው መስመር በላይ ብሳ» የሚለውን አውቄያለሁ። ግን መስመሩን የለካሁት ጀልባው ተጎታች ላይ ባዶውን ሆኖ፣ ጎኑ ላይ ያለውን የቆሻሻ ምልክት አይቼ ነው። ጎረቤቴ ብቻቸውን ነበር የሚሄዱት! ሁለት ሰው ሲገባና አንዱ ፊት ሲቆም አፍንጫው ወደ ሦስት ኢንች ይወርዳል። ሁለቱ የፊት ሪቬቶች ውሃ ውስጥ ሆኑ። የተጠቀምኩት ደግሞ መሃሉ ክፍት የሆነውን ተራ ሪቬት ነበር።

ያገኘው አባቴ ነው። ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ደረሰ፣ በሦስተኛው ቀን ሊሲልቫኒያ ወሰድኩት። ጃኬቱን ስሰጠው «ጣና ላይ ማን ያለብሰኝ ነበር?» አለ፣ ለበሰ። ገና ከመውረጃው ሳንርቅ ሥር ሥሩን እያየ «ይሄ ነገር ውሃ ይጠጣል» አለኝ። የረገጥኩት ነው አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጣቱን ከዴኩ ሥር ሰደደና የሚንጠባጠበውን አሳየኝ። ተመለስን። በነጋታው ሁለቱን ሪቬት በስቼ አወጣሁ፣ ጫፋቸው ዝግ የሆኑትን ገዝቼ የባሕር ማጣበቂያ ቀብቼ መታሁ። ከዚያ ወዲህ ጠብታ የለም። እናንተ ግን ጀልባውን መጀመሪያ ውሃ ላይ አውርዱ፣ በሰውና በዕቃ ጫኑ፣ አንድ ሰው ፊት አቁሙና መስመሩን በማርከር ጎኑ ላይ አስምሩ። ድሪል ከዚያ በኋላ ይነሳ።

ምንጣፉን አባቴ አልወደደውም። «ታንኳ እንኳ ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ዳር አውጥተን ፀሐይ እናስመታዋለን። ይሄን መቼ ታወጣዋለህ?» አለኝ። ልክ ነው፣ ማታ ስዳስሰው ገና ርጥብ ነበር። ሳልነቅለው አልቀርም። ቀለም ቀብቼ አሸዋ እበትንበታለሁ።

በሁለተኛው ጉዞ አንድ ትልቅ ሰማያዊ አምባዛ ያዝን፣ ማለቴ እሱ ያዘ። ሃያ ደቂቃ ታገለው። ጎትቶ ዴኩ ላይ አወጣውና ቁጭ ብሎ አየው። «ቅርፊት የለውም» አለ። ጾምም ነበር። ለጎረቤቴ ወሰድንላቸው፣ ለጀልባው የቀድሞ ባለቤት። በጣም ደስ አላቸው፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው ብዙ አወሩት፣ አንድም ቃል ሳይግባቡ።

ዴኩ ላይ ትራስ አነጠፈና የራሱ አደረገው። እግሩን ዘርግቶ፣ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ፣ አፍንጫው ጋ ይቀመጣል። እኔ ኋላ ሞተር እይዛለሁ። አራት ጊዜ ወጥተናል። እስካሁን ዴኩ ላይ ቆሜ አልወረወርኩም።


ዲሲ_ልጅ

ወንበሩ ይሻልሃል አላልኩህም?


አሮጌው_አጥማጅ

ጎበዝ። ምንጣፉን ዛሬ ንቀለው፣ ነገ አትበል።